የጉድጓዱ ስልክ

የእኔ ሥራ በአጭሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። እነሱ ይበሳሉ፣ እኔ እደፍናለሁ፤ የደፈንኩትን መልሰው ይበሳሉ። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «የተኩስ ክበብ ነው የምሠራው» ካልኩት ዓይኑ ፍጥጥ ይላል፤ አነጣጥሬ የምጥል እመስለዋለሁ መሰለኝ። ጠመንጃ ግን ተኩሼ አላውቅም። እኔ ጠመንጃ ያበላሸውን የማበጅ ሰው ነኝ።

የክበቡ ሜዳ ረጅም ነው። በአንደኛው ጫፍ ተኳሾቹ በደረታቸው የሚተኙበት የተኩስ መስመር አለ፤ ከላዩ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ምንጣፍ፣ ከጎኑ የአባላቱ ሻይ ቤት። በሌላው ጫፍ፣ ከትልቁ የአፈር ክምር ፊት፣ በኮንክሪት የተገነባ ጉድጓድ አለ። ያ የእኔ ነው። ዒላማዎቹን ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ በመዘውር ወደ ላይ አወጣቸዋለሁ። ሲመቱ ስቤ አወርዳቸዋለሁ፤ የተመቱበትን አይቼ ውጤቱን በስልክ እናገራለሁ፤ ቀዳዳውን በሙጫና በቁራጭ ወረቀት ደፍኜ መልሼ እሰቅላቸዋለሁ። ጥይቱ ከራሴ በላይ እያፏጨ አልፎ አፈሩ ውስጥ ይቀበራል። ተኩስ መኖሩን የሚያሳየው ቀይ ባንዲራ ሳይወርድ ከዚያ ጉድጓድ የሚወጣ ሰው ወይ ዕብድ ነው ወይ ኑሮ የመረረው። ተኩሱ ሲያበቃ ደግሞ ሌላው ሥራ ይጀምራል፤ ጥይት የበላውን ቋሚ መለወጥ፣ የመዘውሩን ገመድ ግራሶ መቀባት፣ የተቦረቦረውን አፈር መሙላት፣ ዝናብ ከጣለም ጉድጓዱን በፓምፕ ማድረቅ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ አባላቱ «ፍልፈል» እያሉ እንደሚጠሩኝ ለዓመታት አላወቅሁም ነበር። የነገረኝ ጡሩንባ ነው። ጡሩንባ የተኩስ መስመሩ አዛዥ ነበር፤ «ተዘጋጅ! ተኩስ! አቁም!» የሚለው እሱ ነው፤ ድምፁ ያለ ስልክም ጉድጓዴ ድረስ ይመጣል። «እኔንስ ምን እያሉ ነው የሚጠሩኝ?» አለኝ የዚያን ቀን። «ጡሩንባ» አልኩት። «ማነው ይህን ስም ያወጣልኝ ባለጌ?» ብሎ ሲቆጣ፣ ያወጣሁለት እኔ መሆኔን ሆዴ ውስጥ አስቀረሁት።

የምንነጋገርበት ስልክ ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ ጎኑ ላይ በእጅ የሚዞር እጀታ አለው። አንዱ እሱ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ እኔ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ፤ በመካከላቸው እኔ ራሴ የቀበርኩት ሽቦ። እጀታውን ስታዞር ማዶ ያለው ይጮሃል። ተኩስ በበዛ ጊዜ የሰው ድምፅ ስለማይሰማ፣ እሱ ተናግሮ ሲጨርስ እኔ እጀታውን አንዴ ዞር አደርገዋለሁ፤ «ሰምቻለሁ፣ ቀጥል» ማለት ነው።

ስልኩ የተዘረጋው ለውጤት ነበር። ነገር ግን ተኳሽ ከተኳሽ ሲቀያየር፣ ጠመንጃ ሲወለወል፣ ሻይ ሲጠጣ ጊዜው ብዙ ነው፤ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ብቻዬን፣ እሱም በሰው መሐል ብቻውን። አዛዥ ጓደኛ የለውም፤ ሁሉንም ይገሥጻላ! እንዲህ እያልን «ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ዐሥር» ከሚለው ወደ «ዛሬ ወገቤን አሞኛል» ተሻገርን፤ ከወገብ ደግሞ ወደ ሆድ። ሰው ፊት ለፊት ሲያይህ የምትውጠው ነገር አለ። ሽቦ ዓይን የለውም።

ሚስቴ የሞተች ሰሞን ሰው ሁሉ ቤቴ መጥቶ «አይዞህ» ብሎኝ ሄደ። እኔም «አመሰግናለሁ» ብዬ ሸኘሁ። ያለቀስኩት ግን ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ የሙጫውን ብሩሽ በአንድ እጄ፣ ስልኩን በሌላው ይዤ። ጡሩንባ አንድም የማጽናኛ ቃል አልተናገረም። ተኳሾቹን «ዒላማው ተበላሽቷል፣ እየተጠገነ ስለሆነ ጠብቁ» ብሎ አስቀመጣቸውና እስክጨርስ ድረስ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ለዚህ ውለታ እስከ ዛሬ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም።

እሱም የሆዱን ነግሮኛል። አንድ ልጅ አለችው። ያገባችውን ሰው አልወደደውም፤ «ከዚህ ሰው ጋር ከሆንሽ አባቴ አትበዪኝ» አላት፤ ሠርጓ ላይም አልተገኘም። እሷ የምታውቀው እስከዚህ ነው። እኔ የማውቀው ግን፣ ያን ዕለት አዲስ ከረባት አስሮ እስከ አዳራሹ በር ድረስ መሄዱን ነው። መግባት አቃተው። ከመንገዱ ማዶ፣ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሙሽሮቹ ሲወጡ አይቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። «የእናቷን አረማመድ ነው የምትራመደው» አለኝ። ለእሷ ግን ይህን ነግሯት አያውቅም፤ አፉ አይታዘዝለትም።

ይህን ሁሉ ስንባባል ፊት ለፊት የተያየነው ስንት ጊዜ ነው ብትሉኝ አፍራለሁ። እሱ በፊት በር ገብቶ በፊት በር ይወጣል። እኔ የምኖረው ከአፈሩ ክምር ጀርባ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን ባለች አንዲት ክፍል ነው። የዓመቱ ስብሰባ ላይ እንጨባበጣለን፤ «ደህና ነህ?» «ደህና» ተባብለን እንደ ተጣላ ሰው ፊታችንን እናዞራለን። ቅዳሜ ደግሞ ስልኩን አንሥተን እንሳሳቃለን።

በኋላ ኮሚቴው አዲስ ዒላማ አስመጣ። ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ጥይቱ ሲያርፍበት ውጤቱ እዚያው ተኳሹ አጠገብ ስክሪን ላይ ይወጣል። ማውረድ የለ፣ መስቀል የለ፣ ሙጫ የለ። ሊገጥም የመጣው ቴክኒሻን መልካም ሰው ነው፣ ሥራውንም ያውቃል፤ ላኮርፈው ብፈልግም ምክንያት አጣሁ። መሣሪያው ትእዛዙን ሳይቀር በድምፅ ማጉያ ይሰጣል፤ «ተዘጋጅ» የምትለው አንዲት ረጋ ያለች ሴት ናት፣ ተቆጥታ የምታውቅ አትመስልም። ጡሩንባን አጨብጭበው አሰናበቱት። እኔን አስቀሩኝ፤ ሣር የሚያጭድና ቆርቆሮ የሚቀባ ሰው አሁንም ያስፈልጋል።

በመጨረሻው ቀን የመጨረሻው ተኳሽ ሲጨርስ፣ ጡሩንባ በስልኩ «መስመር ተዘግቷል» አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። እኔም አንዴ ዞር አደረግሁለት፣ እንደ ሁልጊዜው። ሌላ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። እሱም ሌላ ነገር ይላል ብሎ ጠብቆኝ ይሆናል። ስወጣ ባንዲራው ወርዷል፣ ጠረጴዛው ላይ ማንም የለም።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ሳምንታት ከ«እሺ» እና ከ«ደህና ዋሉ» ሌላ ከአፌ የወጣ ቃል ትዝ አይለኝም። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ቆርቆሮ ላይ የወጣ ሰው ቆርቆሮ እየቀባ ነው እንጂ ሆድ ብሶታል ብሎ የሚያስብ የለም። ማታ ክፍሌ ገብቼ በሩን ስዘጋ፣ ቀኑን ሙሉ ልናገረው ያሰብኩት ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ከመዘውሩ ጋር ሳወራ ራሴን ያዝኩት፤ ይባስ ብሎ መልስ ስላልሰጠኝ ተናደድኩበት። ያኔ ነው «ሰውዬ፣ ነገርህ አላማረኝም» ብዬ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ጡሩንባን ልጠይቀው የሄድኩት።

የሚኖረው ልጁ ቤት ነው። ባሏ ለሥራ ሌላ ከተማ ነው የሚከርመው፤ አባቷ ሥራ ማቆሙን ስትሰማ «ብቻህን አትኖርም» ብላ የወሰደችው እሷ ናት። በሩንም እሷ ከፈተችልኝ። ወደ ውስጥ ስትመራኝ አረማመዷን አየሁና፣ የቆየ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ፈገግ አልኩ። እሷ ግን ከየት ታውቀኛለች?

ሳሎን ውስጥ ትይዩ ተቀመጥን። ጡሩንባ ከረባት አስሮ ተቀምጧል፤ ከማስበው በላይ ትንሽ ሰው ነው፤ ያ ሁሉ ድምፅ ከየት ይወጣ እንደነበር እንጃ። «እንደምን ነዎት?» አልኩት። ከአፌ ስትወጣ እኔው ደነገጥኩ፤ በስልክ «አንተ ጃጅተሃል» የምለውን ሰው! እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» አለኝ። በቃ፣ አለቀ። ሻይ መጣ። ስለ ሻዩ አመሰገንን። የግድግዳውን ሰዓት ሁለታችንም አየነው። ይህ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው ሳለቅስ ሰምቶኛል፤ እኔም ሱቅ ደጃፍ ላይ እንዴት ተገትሮ እንደነበር አውቃለሁ፤ ታዲያ በምን ዓይናችን እንተያይ? ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ልጁ እስከ ውጭው በር ሸኘችኝ። «ከእኔም ጋር እንዲሁ ነው፣ ጋሼ» አለች። «ቤቴ ውስጥ እንደ እንግዳ ነው የሚኖረው። ከ‘እሺ’ እና ከ‘በቃኝ’ ሌላ አያወጣም። አንዳንዴ ስናገረው ጭራሽ አይመልስልኝም። ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አሁንም አልማረኝም።»

የሰው ምሥጢር አፌን ሞልቶታል። «ቀስ እያለ ይለምዳል» አልኳትና ወደ ጉድጓዴ ተመለስኩ።

በሳምንቱ የክበቡ ሊቀ መንበር ጉድጓዱ በአፈር ሊሞላ ስለሆነ ውስጡ ያለውን ሁሉ እንዳወጣ አዘዘኝ። «ስልኩስ?» አልኩት። «ምን ይሠራል? ጣለው» አለኝ። እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን የማደርግ ሰው ነኝ፤ የት እንደምጥለው ግን አልነገረኝም። ሽቦውን ከመሬት እየነቀልኩ ጠቀለልኩ። የተበላውን ቆርጬ ጫፍና ጫፉን ቀጠልኩ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ አዲስ ባትሪ ገጠምኩ። ያንን ሁሉ ስሠራ አፌ አላረፈም፤ «ቆይ አንተ ሽማግሌ፣ ቆይ ብቻ» እያልኩ ነበር።

እሁድ ሁለቱን ስልኮችና ጥቅሉን ሽቦ ተሸክሜ ስደርስ ልጁ «ምንድን ነው ይኼ ሁሉ፣ ጋሼ?» አለች። «ጥገና አለ» አልኳት። ሳቀች፤ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። አንዱን ስልክ ከአባቷ አልጋ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሽቦውን በመስኮት አውጥቼ፣ በአጥሩ ሥር ስቤ፣ ጓሮ ካለችው ልብስ ማጠቢያ ክፍል አደረስኩት። ጡሩንባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። እኔም ወጣሁ፤ ማጠቢያ ክፍሏ ውስጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩና እጀታውን አዞርኩ።

«መስመር!» አለ። ያ ድምፅ!

«ጉድጓድ» አልኩ።

«አንተ ፍልፈል! ያን ዕለት ምን ሆነህ ነው? ግንድ መስለህ ተቀምጠህ፣ ግንድ መስለህ ሄድክ!»

«አንተስ? ‘እርስዎስ’ አልከኝ እኮ! ሚኒስትር መሰልኩህ?»

«ቀድመህ ያልከው አንተ ነህ!»

«እኔማ ከረባትህን አይቼ ነው!»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ስለ ወገቤ ነገርኩት፤ ስለዚያች ስለማትቆጣ ሴት ነገርኩት፣ «እስቲ ጠመንጃው ነክሶ አልተኩስ ሲላቸው ማንን ይሰድቡ ይሆን?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ጉሮሮዬ ላይ የተደረደረው ሁሉ ተራ በተራ ወጣ። በሁለታችን መካከል ያለው አንድ ግድግዳና አንድ የአትክልት መደብ ብቻ ነው፤ ተነሥቼ ብሄድ ትከሻውን እይዘው ነበር። ማናችንም አልተነሣንም። ከዚያ በኋላ እሁድ በመጣ ቁጥር እሱ አልጋው ላይ፣ እኔ ሳሙና ሳሙና በምትሸት ክፍል ውስጥ ባልዲ ላይ። ሳምንቱ ሙሉ እሁድን መጠበቂያ ሆነ። ሰኞ ሣር ሳጭድ «ይህችን እነግረዋለሁ» እያልኩ የሰው ነገር እለቅማለሁ።

አንድ እሁድ ግን ስለ ልጁ አነሣ።

«ትናንት ጫማዬን አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችልኝ» አለ። «ላመሰግናት ብዬ አፌን ስከፍት ‘ማን እጠቢልኝ አለሽ?’ አልኳት። ደግሞ ቀኝ ጆሮዬ ሞቷል፤ ስንት ዘመን ከጠመንጃ ጎን ቆሜ ምን ይተርፈኛል? ስትናገረኝ ግማሹ አይገባኝም፤ ‘ምን አልሽ?’ ማለት ደግሞ አፍራለሁ። ኩራት ይመስላታል።»

«ይህንኑ ንገራታ።»

«ፊቷን ሳይ ሁሉም ይጠፋኛል። ላንተ ነው የሚቀለኝ።»

ላንተ ነው የሚቀለኝ። ይህችን ቃል እንደ ከረሜላ አገላበጥኳት። ማን እንዲህ ብሎኝ ያውቃል? ግን በዚያው ቅጽበት ልጁ ከማጠቢያ ክፍሏ በር ፊት ለፊት ልብስ ስታሰጣ ትታየኛለች። ገመዱ ላይ ያለው ሁሉ የአባቷ ሸሚዝ ነው፤ አንድ በአንድ እያራገፈች፣ ኮሌታውን በእጇ እያቃናች ትሰቅላለች።

አልዋሽም፣ ዝም ልል አሰብኩ። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? እሱ ለእኔ ያወራል፣ እኔ ለእሱ አወራለሁ፣ እሷ ልብስ ታሰጣለች፤ ኑሮ ይቀጥላል። በዚህ ዓለም ላይ የማወራው ሰው ይህ አንድ ሽማግሌ ነው። ስልኩን ለእሷ ከሰጠኋት፣ ከዚያ በኋላ እኔን ለምን ይፈልገኛል? ሽቦው ያለው ሁለት ጫፍ ብቻ ነው።

«ፍልፈል፣ አለህ?» ይላል ጡሩንባ።

«አለሁ። ስልኩን እንዳትዘጋ» አልኩትና በእጄ ጠቀስኳት። እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጣች። «ያዢው» አልኳት በሹክሹክታ። «አትናገሪ። እሱ ሲያቆም ይህችን አንዴ ዞር አድርጊያት፤ ‘ሰማሁ’ ማለት ነው።» ግራ ገብቷት ያዘችው።

ጡሩንባ ጡሩንባ ነውና፣ ከጎኗ ቆሜም ድምፁ ይሰማኛል። «ያን ዕለት ከዚያ ሱቅ ደጃፍ መንገዱን ብሻገር ኖሮ ዛሬ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» ይላል። «አዲስ ከረባት አስሬ፣ እስከ አዳራሹ በር ደርሼ! ሙሽሪት ሆና ስትወጣ አየኋት እኮ። እሷ አላየችኝም። ሰው የገዛ ልጁን ሠርግ እንደ ሌባ ተደብቆ ያያል?» ብሎ አቆመ።

እሷ እጀታውን አዞረችው፤ በቀስታ፣ ሙሉ ዙር።

እኔ ግማሽ ዙር ነው የማዞረው፣ በችኮላ። ይህን ያህል ዘመን ሲሰማው የኖረውን እጅ እንዴት ያጣዋል?

«አንቺ ነሽ?» አለ።

መልሳ አዞረችው።

ይዘጋዋል ብዬ ፈራሁ። አልዘጋውም። «እንግዲያው ስሚኝ» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አልሰማሁም። እሷ ባልዲው ላይ ተቀመጠች፣ በነፃ እጇ አፏን ይዛ። እኔ የቀሩትን ሸሚዞች ገመዱ ላይ አሰጣሁና የውጭውን በር ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ስሄድ የማጠቢያ ክፍሏ ስልክ ቦታው ላይ የለም። ወጥ ቤት ገብቷል። «ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያዛወርኩት» አለች ልጁ፤ ፊቷ በርቷል። «ጠዋት ጠዋት እየደወለ፣ ‘ሻይ የት ደረሰ?’ እያለ ያዝዘኛል። በስልክ ሲሆን አንድም ቃል አያመልጠውም። ይያዙ፣ ያውሩት፤ መስመሩን ልልቀቅልዎ።» መስመሩን ልልቀቅልዎ አለችኝ፤ እግዜር ያክብራት።

«ፍልፈል!» አለ ጡሩንባ። ደስ ብሎታል። ስለ ልጁ ነገረኝ፤ ስለ ባሏ ነገረኝ፣ ለካ ሰውዬው እንዲያ መጥፎ አይደለም፤ በዓመቱ መጨረሻ ሲመጣ ሦስቱም ሆነው ሊያደርጉት ያሰቡትን ነገረኝ። እኔ አዳመጥኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደግሞ ቀናሁ፤ ሁለቱም በአንድ ሆድ ውስጥ ይገባሉ ለካ። እኔም የማወራው ነበረኝ። በዚያ ሳምንት መኪና አፈር አምጥቶ ጉድጓዱን ደፍኖታል፤ ላዩ ላይ ሣር ዝራበት ተብያለሁ። ይህን ልነግረው ነበር የመጣሁት፤ የምናገርበት ቦታ አጣሁ።

በመጨረሻ ግን ወሬውን ወደ እኔ መለሰው።

«አሁን እዚያ ክበብ ውስጥ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለኝ።

«ካንተ ጋር» አልኩት።

ስልኩን ሲያስቀምጥ ተሰማኝ፤ ከዚያ የክፍሉ በር፣ ከዚያ እግሩ። ራሱ ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ዓይኔን ማየት አልቻለም፣ እኔም ዓይኑን፤ ክንዴን ያዘኝና «ምሳ አብረን እንበላለን» አለ።

ሦስት ሆነን ጠረጴዛውን ከበብን። ልጁ ወንበሯን ወደ ግራው አስጠግታለች፤ የሚሰማው በዚያ ነው። የቀረው ወንበር በቀኙ ነበር። እዚያ ተቀመጥኩ። ቆይ ቆይ ብዬ፣ ድፍረት አግኝቼ፣ ፊት ለፊት «ጉድጓዱ ተደፈነ» አልኩት። እሱ ወደ ልጁ ዞሮ እየሳቀ ነበር። እሷ አየችኝ፤ ሳቋን አቁማ ወደ ጆሮው ጠጋ አለችና «አባዬ፣ ጋሼ ጉድጓዱ ተደፈነ ይሉሃል» አለችው።

ፊቱ ተለወጠ። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«መቼ?» ብሎ ጠየቃት፤ እሷም መልሱን ልትቀበል ወደ እኔ ዞረች።